የሚመጣውን ጥያቄ መማር፦ አንዲት እናት ለዕለት ጉዳይ የሚሆን እንግሊዝኛ እንዴት እንደያዙ (የጉዳይ ጥናት)

ይህን ለምን እጽፋለሁ

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዕድሜ ገፍተው ከአገር ቤት የመጡ እናቶችንና አባቶችን እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ትምህርቱ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም በሰው ቤት፣ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ብዙዎቹ ይጀምሩና በሁለተኛው ወር ይቀራሉ። ለረጅም ጊዜ ምክንያቱ ዕድሜ ይመስለኝ ነበር። አለመሆኑን ያሳዩኝ ከዚህ በታች የምተርክላቸው እናት ናቸው።

ስማቸውን አልጠቅስም፤ እንዲሁ እማማ እላቸዋለሁ። ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። «ለሌላው የሚጠቅም ከሆነ ጻፊው» ነው ያሉኝ።

እማማ

እማማ አሜሪካ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2018 መስከረም ላይ ነው። ያን ጊዜ 61 ዓመታቸው ነበር። ያስመጣቻቸው ልጃቸው ናት። ልጅየዋ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ ባሏ ሾፌር ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ትልቁ 9 ዓመቱ ነበር። እማማ የመጡት ቤቱን ሊያግዙ፣ የልጅ ልጆቻቸውንም በአማርኛ ሊያሳድጉ ነው።

አዲስ አበባ ሳሉ መርካቶ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ በርበሬና ቅመም ነግደዋል። ዱቤ የሰጡ፣ ዕቁብ የሰበሰቡ፣ ሠራተኛ ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። መደበኛ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ሲጀመር 22 ዓመታቸው ነበር። ቀን ሲሠሩ ውለው ማታ እየተማሩ ማንበብ ቻሉ። ዛሬ ዳዊት ይደግማሉ። ስለዚህ «በዚህ ዕድሜ ትምህርት አይገባም» የሚለው ወሬ እሳቸውን አይመለከትም። በልጅነታቸው ያላገኙትን አንድ ጊዜ በጎልማሳነታቸው ተምረው ያውቃሉ።

እንግሊዝኛቸው ግን ቁጥር፣ «ታንክ ዩ»፣ «ሶሪ» እና «ኦኬ» ብቻ ነበር።

ችግሩ

እማማ የሚወጡት ከልጅ ልጃቸው ጋር ብቻ ነበር። ፋርማሲ፣ ፖስታ ቤት፣ ክሊኒክ፣ ሁሉም ቦታ አስተርጓሚው የ9 ዓመት ልጅ ነው። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ይቀር ነበር።

አንድ ቀን ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙ ስለ ሽንታቸው ጠየቃቸው። ልጁ ተረጎመ። እማማ በልጅ ልጃቸው ፊት እንዲህ ያለውን ማውራት አልቻሉም። «ደህና ነኝ በለው» አሉ። ነገር ግን ሲያማቸው ሰንብቷል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኢንፌክሽኑ ብሶ፣ ትኩሳት ይዟቸው ተኙ። ልጅየዋ ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። እኔም እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

ሌላ ቀን ደግሞ ቀጠሮ አለፋቸው። ወረቀቱ 9:00 ይላል። እማማ ዘጠኝ ሰዓት ብለው ያዙት። በእኛ ቆጠራ ዘጠኝ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነው። ተዘጋጅተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲደርሱ ቀጠሮው ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። እንግዳ ተቀባይዋ ምን እንዳለቻቸው አልገባቸውም። ፊቷን ግን አይተዋል።

ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት አቆሙ። ልጃቸው «እናቴ አንገቷን ደፋች» ብላ ደወለችልኝ።

መጀመሪያ የሞከርነው

መጀመሪያ ማታ ማታ የሚሰጥ የአዋቂዎች ክፍል ገቡ። ትምህርቱ በሰዋስው ጀመረ። «አይ አም፣ ዩ አር፣ ሂ ኢዝ» እያሉ ስምንት ሳምንት ሄዱ። መምህሯ ደግ ሴት ነበሩ። እማማም አንድ ቀን አልቀሩም። ነገር ግን ከስምንት ሳምንት በኋላም ቴምብር መግዛት አልቻሉም። ክፍሉን የምወቅስ አይደለሁም። ለሥራ ወይም ለዜግነት ፈተና ለሚዘጋጅ ሰው ይጠቅማል። እማማ የሚፈልጉት ግን ማክሰኞ ዕለት መድኃኒታቸውን ማምጣት ነበር።

ቀጥሎ የእኔ ስህተት መጣ። «የሚያስፈልግዎን ዓረፍተ ነገር ብቻ እንያዝ» ብዬ 60 ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ፊደል ጻፍኩላቸው። እማማ ስልሳውንም በሦስት ሳምንት ሸመደዱ። ዳዊት የሚደግም ሰው መሸምደድ አይከብደውም። ደስ ብሎን አብረን ፋርማሲ ሄድን። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

እማማ ቀርበው «አይ ካም ቱ ፒክ አፕ ማይ መዲሲን፣ ፕሊስ» አሉ። በጣም አምሮባቸው ነበር። ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ ፈገግ ብላ በአንድ ትንፋሽ ረጅም ነገር ተናገረች። እማማ ደርቀው ቀሩ። ደብተሩን ገለጡ፤ የልጅቷ ቃል ደብተሩ ውስጥ የለም። ከኋላ ሰው ተሰልፏል። ዞረው ወደ እኔ መጡ።

መንገድ ላይ ዝም ብለን ሄድን። ቤት ስንደርስ እንዲህ አሉኝ፦ «የእኔን ቃል አስተማርሽኝ። የእሷንስ ማን ያስተምረኝ?»

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ጥርት አድርገህ በተናገርክ ቁጥር ሰሚው ቋንቋውን የምታውቅ ይመስለውና መልሱን ያፈጥነዋል። ያሸመደድኳቸው ዓረፍተ ነገር ራሱ ወጥመድ ሆነባቸው።

መርካቶ ላይ የለመዱት ኦሮምኛ

ቡና እየጠጣን ሳለ ገበያቸውን አነሳን። ደንበኞቻቸው ከየአቅጣጫው የሚመጡ ነበሩ። «ኦሮምኛ ይችላሉ እንዴ?» አልኳቸው። «የገበያውን እችላለሁ» አሉ። «ማን አስተማረዎት?» ስላቸው ገረማቸው። «ማንም አላስተማረኝም። ሰው መጥቶ ሜቃ ይለኛል። ሁሉም መጀመሪያ የሚለው ሜቃ ነው። ስንት ነው ማለት ነው። ቀጥሎ የሚሉትን አውቀዋለሁ፤ ቀንሺ ነው። ከዚያ ስንት ኪሎ እንደሚፈልግ ይናገራል። ሌላ ምን ይላል ብለሽ ነው? በርበሬ ሊገዛ የመጣ ሰው ስለ ሌላ አያወራም።»

ትምህርቱን ሁሉ የቀየረው ይህ ንግግር ነው። እማማ ቋንቋ የለመዱት ሌላው የሚጠይቃቸውን እየሰሙ ነው። የሚመጣውን ያውቁታል፤ ስለዚህ ከአሥር ቃል ሁለቱን ብቻ ቢይዙ ይበቃቸዋል። ፋርማሲም እንዲሁ ገበያ ነው። መድኃኒት የምትሸጠው ልጅ በቀን መቶ ጊዜ የምትጠይቀው ያንኑ ጥያቄ ነው። እኛ ግን የእማማን ንግግር ስናሳምር የልጅቷን ጥያቄ ረስተነዋል።

አንድ ሳምንት ማዳመጥ

ለአንድ ሳምንት እማማ ምንም እንዳይናገሩ ተስማማን። እኔ ጉዳያቸውን እፈጽማለሁ፣ እሳቸው ከጎኔ ቆመው ያዳምጣሉ። ከባንኮኒው ወዲያ ያለው ሰው የሚለውን ብቻ ደብተር ላይ እንጽፋለን።

ፋርማሲ ሦስት ጊዜ ሄድን። በሦስቱም ቀን ሦስት የተለያዩ ሠራተኞች ነበሩ። ጥያቄዎቹ ግን በቅደም ተከተላቸው ጭምር አንድ ነበሩ ማለት ይቻላል። «ፒኪንግ አፕ?» ይላሉ፤ ልትወስድ ነው ወይስ ማዘዣ ልትሰጥ ማለት ነው። ከዚያ «ላስት ኔም?»፤ የመጨረሻ ስም ማለት ነው። ከዚያ «ዴት ኦፍ በርዝ?»፤ የልደት ቀን ነው። አንዳንዴ አድራሻ ይጠይቃሉ። በመጨረሻ «ኤኒ ኩዌስቸንስ ፎር ዘ ፋርማሲስት?» ይላሉ፤ ፋርማሲስቱን የምትጠይቀው አለ ወይ ማለት ነው። በቃ። መድኃኒቱ ካልደረሰ ደግሞ «ናት ሬዲ» የሚል ይመጣል፤ ከኋላው የደቂቃ ቁጥር አለ። እማማ ቁጥር ያውቃሉ።

ፖስታ ቤት የገጠመን ሌላ ነው። እማማ ሌላ ግዛት ለምትኖር የእህታቸው ልጅ በርበሬና ሽሮ ይልካሉ። ጸሐፊው ዕቃውን ተቀብሎ አንድ በጣም ረጅም ጥያቄ ያነበንባል። የሚሰበር፣ ፈሳሽ፣ የሚበላሽ ወይም አደገኛ ነገር አለው ወይ፣ የሊቲየም ባትሪና ሽቶ ጨምሮ፣ የሚል ነው። ይህን ጥያቄ እኔም ከዓመታት በፊት ስሰማው ደንግጬ ነበር። እማማ እንዲያውቁት የፈለግኩት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ፍራጃይል» እና «ሊኩዊድ»። እነዚህን ከሰሙ መልሳቸው «ኖ። ድራይ ስፓይስ» ነው።

ሱፐርማርኬት ቀላል መስሎኝ ነበር። እማማ ግን ካሸሯን አያምኗትም ነበር። ለምን? የዕቃዎቹን ዋጋ በአእምሯቸው ደምረው ነው ወደ ካሸሯ የሚደርሱት። 30 ዓመት የነገደ ሰው ድምር አይሳሳትም። ማሽኑ የሚያሳየው ግን ሁልጊዜ ይበልጣል። አጭበረበሩኝ ብለው ያስባሉ፤ መጠየቅ ግን አይችሉም። ደረሰኙን ይዘን አንድ በአንድ አየን። ሜሪላንድ ውስጥ የሽያጭ ታክስ 6 በመቶ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ባለው ዋጋ ውስጥ አይገባም። አብዛኛው የምግብ ሸቀጥ አይታክስም፤ ሳሙናውና ፎጣው ግን ይታክሳል። በዚያን ጊዜ ደግሞ በእኛ ካውንቲ ለአንድ ፌስታል 5 ሳንቲም ይከፈል ነበር። ሂሳቡ ልክ ወጣ። እማማ ረክተው «ታዲያ እንዲህ አይሉም?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረሰኝ ላይ ጣታቸውን አድርገው «ዋት ኢዝ ዚስ?» ማለት ለመዱ። ከስልሳዎቹ ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ይህቺ አንዷ በለጠች።

ስም፣ ልደት፣ ቀንና ሰዓት

በሁሉም ቦታ ስምና የልደት ቀን ይጠየቃል። እዚህ ላይ ብዙ ቆየን፤ ያለምክንያትም አይደለም።

«ላስት ኔም» ሲባሉ እማማ የአባታቸውን ስም ይሰጡ ነበር። በእኛ ወግ ትክክል ነው። ሰነዳቸው ላይ በዚያ ቦታ የተጻፈው ግን የአያታቸው ስም ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አያገኛቸውም። «ላስት ኔም ማለት አያቴ» ብለው ያዙት። ይህ የእሳቸው ሰነድ ጉዳይ ነው። የሌላው ሰው ሰነድ የአባት ስም ሊይዝ ይችላል። መጀመሪያ የግሪን ካርዱን ጽሑፍ ማየት ያስፈልጋል።

ስም ፊደል በፊደል መናገር ደግሞ ከባድ ነው። የእንግሊዝኛዋ ሁለተኛ አናባቢ (E) ስትጠራ «ኢ» ናት። በአማርኛ ስም ውስጥ ግን «ኤ»ን ወይም «ኧ»ን የምንጽፍባት እሷው ናት። እማማ ስማቸው ውስጥ ያለችውን ድምፅ አስበው «ኤ» ይላሉ፤ ጸሐፊዋ የመጀመሪያዋን አናባቢ (A) ትጽፋለች። «አይ» የምትባለዋም እንዲሁ ታምታታለች። ሃያ ስድስቱን ፊደል ማስተማር ትቼ የሳቸው ስም ውስጥ ያሉትን ሰባት ፊደላት ብቻ በዜማ አስያዝኳቸው። እንደ ውዳሴ ማርያም አወጡት። ከዚያም ስሙን በትልቁ ጽፈን ካርድ አድርገን ቦርሳቸው ውስጥ አስቀመጥን።

የልደት ቀን ጉዳይ ልብ የሚነካ ነው። እማማ የተወለዱት ሚያዝያ 1949 ዓ.ም. ነው። ሰነዳቸው ላይ ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 1957 ይላል። ቀኑን በትክክል ሳያውቁ ፎርም ለሞሉ ብዙ አረጋውያን ጃንዋሪ 1 ይጻፍላቸዋል። እማማ «ይህ የእኔ ልደት አይደለም፤ ዋሽቼ ልኑር?» ብለው እምቢ አሉ። ወር አቆየን። በመጨረሻ «የወረቀትዎ ልደት» ስንለው ተስማሙ። የወረቀቱ ልደት ለባንኮኒው፤ የሳቸው ልደት ለቤታቸው።

ሰዓቱን በአንድ ሥርዓት ፈታነው። የቀጠሮ ወረቀት በመጣ ቁጥር የቤቱ ሰው ከእንግሊዝኛው ሰዓት ጎን በቀይ እስክሪብቶ የአበሻውን ይጽፋል። 9:00 ጠዋት ከሆነ «ጠዋት 3 ሰዓት» ተብሎ ይጻፋል። ቀኑንም እንዲሁ። እዚህ አገር ወሩ ይቀድማል። 03/04 ማለት የማርች አራተኛ ቀን ነው፤ እኛ ሦስተኛው ቀን ብለን እናነበዋለን። «ቱዝደይ» እና «ተርዝደይ» በእማማ ጆሮ አንድ ስለሆኑ የዕለቱን ስም መስማት ጨርሶ ትተው ቁጥሩን ብቻ መጠየቅ ያዙ።

«አዎ» ሲያሳስት

ይህን ክፍል ለሚያስተምሩ ሰዎች ሁሉ እንዲደርስ እፈልጋለሁ፤ ማንም አላስጠነቀቀኝም ነበርና።

አንድ ቀን ፋርማሲስቱ «ኖ አለርጂስ?» አላቸው። እማማ «የስ» አሉ። በአማርኛ «አለርጂ የለብዎትም?» ሲባሉ «አዎ፣ የለብኝም» ነው መልሱ። በእንግሊዝኛ ግን «የስ» ማለታቸው አለ ማለት ሆነ። ፋርማሲስቱ ደንግጦ «ለምን ነገር ነው?» እያለ ሃያ ደቂቃ ያህል ተከራከሩ። ያን ቀን በሰላም አለቀ። ነገር ግን መድኃኒት ነው፤ ሁልጊዜ በሰላም ላያልቅ ይችላል። ስለዚህ «የስ»ንና «ኖ»ን ብቻቸውን እንዳይናገሩ ተስማማን። «ኖ አለርጂ» ወይም «አይ ሃቭ አለርጂ» ብለው ይጨርሱታል።

ሌላው የእኛ ትንፋሽ ነው። «አዎ» ለማለት አየር ወደ ውስጥ ስበን «እህ» እንላለን። ካሸሯ «ፌስታል ትፈልጊያለሽ?» ስትላቸው እማማ እንዲህ ይመልሳሉ። ካሸሯ አልሰማችም ወይም የደነገጡ መስሏታል፤ ደግማ፣ ጮክ ብላ ትጠይቃለች። እማማ «ለምን ትጮህብኛለች?» ይላሉ። ሁለቱም አላጠፉም። ይህን ማወቃቸው ብቻ ቂሙን አስወገደው።

ልመናውም እንዲሁ ነው። በአማርኛ አክብሮቱ ግሡ ውስጥ ነው። «ስጡኝ» ስንል ትሕትናው አብሮ አለ። «ጊቭ ሚ ስታምፕ» ሲባል ግን ባዶውን ይቀራል። «ካን አይ ሃቭ» የምትለዋን ለሁሉም ነገር መክፈቻ አደረግናት።

ልምምዱ

ሳምንት በሙሉ የጻፍነውን ማዕድ ቤት ውስጥ ደገምነው። ካሸር የሚሆነው የልጅ ልጃቸው ነው። ይህ የልጅየዋ ሐሳብ ነበር። እንደ ባንኮኒ ሠራተኛ ፈጥኖ፣ ግማሹን ቃል እየዋጠ ይናገር ነበር። እማማን ቢያሳስታቸው ይስቃል፤ እሳቸውም ይስቃሉ። ጨዋታው በቀን ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ለልጁም ጠቀመው መሰለኝ። ሸክም የነበረው ሥራ ጨዋታ ሆነለት።

ከዚያ ሦስት የመውጫ ቃላት ጨመርን። «ስሎውሊ፣ ፕሊስ»፣ «ካን ዩ ራይት ኢት?»፣ ሦስተኛው ደግሞ የሰሙትን ደግሞ መጠየቅ ነው፤ «ናይን? ሞርኒንግ?»። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» ሲምታታባቸው ወረቀት ያቀርባሉ፤ ሰውየው ይጽፋል። ወረቀቱን ሳያፍሩ ማቅረብ ሦስት ሳምንት ወሰደባቸው። ለነጋዴ ሴት ወረቀት ማቅረብ አላዋቂነት ይመስላል። «መርካቶ ዋጋ ሲበዛ ካልኩሌተር ለደንበኛ አያሳዩም ነበር?» አልኳቸው። «አሳያለሁ» አሉ። ከዚያ ቀለላቸው።

አነጋገራቸውን ለማስተካከል ግን ጊዜ አላጠፋንም። «ፋይቭ»ን «ፋይብ» ይላሉ። ማንም ሳይገባው ቀርቶ አያውቅም። እኔ መጀመሪያ ላይ በዚህ ብዙ አድክሜያቸዋለሁ፤ ይቆጨኛል።

የተሳካውና ያልተሳካው

በአምስተኛው ወር መጨረሻ እማማ ፋርማሲ፣ ፖስታ ቤትና ሱፐርማርኬት ብቻቸውን ይሄዱ ነበር። ልጁ ለጉዳይ ከትምህርት ቤት መቅረቱ ቆመ።

አውቶቡስ አስቸግሮናል። እማማ «ዚስ በስ ጎ ቱ ዊተን?» ማለት ቻሉ። ሾፌሩ ግን «አዘር ሳይድ» ይላል፤ ከመንገዱ ማዶ ማለቱ ነው። ይህን ሳንመዘግበው ቀርተን ሁለት ጊዜ ወደ ተቃራኒው ሄዱ። አንዱን ቀን በረዶ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ትልቁ የአውቶቡስ መናኸሪያ ደግሞ ባለ ብዙ ፎቅ ነው፤ አዲስ ሰው ይጠፋበታል። መፍትሔው ቋንቋ አልነበረም። መንገዱን አብረናቸው አራት ጊዜ ተመላለስን፣ የሚሳፈሩበትን በር ቁጥር ጻፍንላቸው።

ክሊኒክ ላይ ሆን ብለን እንግሊዝኛ ማስተማሩን ተውነው። ሰው ሕመሙን በተማረው ሁለት መቶ ቃል መናገር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ርዕስ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማትን ይመለከታል። ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የጤና ደንብ ደግሞ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሕፃንን አስተርጓሚ ማድረግ ከልክሏል። ጎረቤታችን ዋሽንግተን ዲሲም እ.ኤ.አ. በ2004 የራሷን የቋንቋ ሕግ አውጥታለች። እማማ ይህን ሁሉ ማወቅ አይጠበቅባቸውም። የሚያስፈልጋቸው «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» ነው። ሲሉት በቪዲዮ ወይም በስልክ ሰው ይመጣል። ስለ ሽንታቸው የተናገሩት ያን ጊዜ ነው።

ለሚያስተምር ሰው

ሌላ ሰው ሳስተምር አሁን የምጀምረው «በዚህ ሳምንት የት መሄድ ይፈልጋሉ?» ብዬ ነው። አንድ ቦታ ብቻ እንመርጣለን። አብረን ሄደን የባንኮኒውን ጥያቄ እንጽፋለን። ከሰባት ከበለጠ በብዛት የሚመጡትን ብቻ እንይዛለን። መናገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተማሪው ከዚህ በፊት በሕይወቱ ሌላ ቋንቋ ወይም ሙያ እንዴት እንደለመደ መጠየቅም ልማድ አድርጌያለሁ። አንድ አባት ሹፌር ነበሩ፤ የመንገድ ምልክት ከማንበብ ጀመርን። አንዲት እናት ቤተ ክርስቲያን ይዘምራሉ፤ ሁሉንም በዜማ ያዙት።

የአማርኛ ፊደልን ልከልክል ወይስ ልጠቀም የሚል ክርክር በመካከላችን አለ። እኔ እንጠቀም ከሚሉት ጋር ነኝ። እማማ ላይ እንዳየሁት የሚጠቅመው ግን የሚሰሙትን ለመያዝ ነው። ሊናገሩት የተጻፈውን ባንኮኒ ላይ ቆመው ሲያነቡ ሰሚው ትዕግሥት ያጣል።

በቤተሰቡ በኩል ከባዱ ነገር መታገስ ነው። ልጅየዋ እናቷ ፋርማሲ ገብተው አሥር ደቂቃ ሲቆዩ መኪና ውስጥ መቀመጥ አቃታት። ሦስት ጊዜ ተከትላ ገብታ ጨረሰችላቸው። በአራተኛው ቀን ቁልፉን ከእጇ ወስጄ አስቀመጥኩት። እማማ መድኃኒታቸውን ይዘው ወጡ።

ስልኩ

የቀረን ስልክ ነበር። ማሽን ያነሳል፤ ምረጥ ይላል፤ ይፈጥናል። ፊት የለው፣ ወረቀት አይቀበል። ከስድስት ወር ሙከራ በኋላም እማማ ብቻቸውን ቀጠሮ መለወጥ አልቻሉም ነበር። የቻልነው አንድ ነገር ነው። ሰው እስኪያነሳ ይጠብቃሉ። ሰው ሲያነሳ «አምሃሪክ፣ ፕሊስ» ይሉና ዝም ይላሉ። ሌላ ምንም አይናገሩም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞክሩ አጠገባቸው ነበርኩ። ሙዚቃው ረዘመ። ሁለት ጊዜ ሊዘጉት ነበር። ከዚያ አንድ ወጣት ድምፅ «ጤና ይስጥልኝ፣ አስተርጓሚ ነኝ» አለ። እማማ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። ቀጠሯቸውን ከመናገራቸው በፊት «የማን ልጅ ነህ? ከየት አገር ነህ?» ብለው ጠየቁት።